የኋለኛው መኪና ሲስተር

ሲስተር የሺ ማረፏን የሰማሁት በመኪና ሬዲዮ ነው።

የተራራ ብስክሌት ውድድራችን ሦስተኛ ቀን ነበር። ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ኋላ የሚሄደውን ላንድሮቨር ይዤ፣ ኪናንጎፕ ከሚባለው ደጋ ላይ በእግረኛ ፍጥነት እነዳለሁ። ዘንቦ ስለነበር መንገዱ ጭቃ ሆኗል። ከፊቴ አንዲት ቀጭን ኬንያዊት፣ ናይሮቢ ባንክ ቤት የምትሠራ ልጅ፣ ዳገቱን ትታገለዋለች። ከእሷ ኋላ ከእኔ በቀር ማንም የለም። ሬዲዮው ተንጫጫና የአለቃዬ የፒተር ድምፅ መጣ።

«ዳንኤል፣ መኪናውን አቁም።»

«ምን ተፈጠረ?»

«ካሪዩኪ ከሆስፒታል ደውሎ ነበር። ፖሌ ሳና፣ በጣም አዝናለሁ፣ ወንድሜ። ማማ ማጂ አርፋለች።»

ማማ ማጂ ብስክሌተኞቹ ያወጡላት ስም ነው። በስዋሂሊ የውሃ እናት ማለት ነው። መኪናውን አቆምኩና መሪው ላይ ተደፋሁ። ቀና ስል ልጅቷ ከብስክሌቷ ወርዳ በመስኮቱ ታየኛለች።

«እያለቀስክ ነው?»

«አቧራ ነው» አልኳት።

መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ጭቃ ነበር። ልጅቷ ጭቃውን አየች፣ እኔን አየች። ብስክሌቷ ላይ ወጥታ መርገጥ ጀመረች። ሞተሩን አስነስቼ ተከተልኳት። ሌላ ምን ይደረጋል? ሲስተር የሺ እዚያ ብትኖር «ሰው ዳገት ላይ ትተህ ታለቅሳለህ?» ብላ ነበር የምትቆጣኝ።

ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር ጎረቤቴ ነበረች። በዚያን ጊዜ ከቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ብዙዎቻችን የምንኖረው እዚያ ሰፈር ነው። አገር ቤት ሳለች ነርስ ነበረች። ባሏ ሰሜን ጦር ግንባር ሄዶ አልተመለሰም። መንግሥት ሲለወጥ ልጇን ይዛ፣ ከእህቷ ከወይንሸትና ከወይንሸት ባል ጋር በሞያሌ በኩል ወጣች። ናይሮቢ ስደተኛ ስለነበረች በሙያዋ ተቀጥራ መሥራት አልቻለችም፤ ሰፈር ውስጥ ግን የታመመ ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሷን በር ነበር። መጀመሪያ ያገኘኋት ዕለት «እርስዎ» ብላት «እርስዎ እያልክ አታስረጀኝ! ገና አርባ ሁለቴ ነው» ብላ በነጠላዋ ጫፍ ትከሻዬን መታችኝ። ከዚያ ወዲያ ሲስተር እያልኩ አንቺ እላት ነበር።

እኔ የምሠራው ከፒተር ጋር ነው። ፒተር ቱሪስት በማጓጓዝ የሚተዳደር፣ ብስክሌት የሚወድ ኬንያዊ ነው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ በየዓመቱ የአራት ቀን የተራራ ብስክሌት ውድድር ማዘጋጀት ጀመረ። ውድድሩ ከንጎንግ ኮረብታ ሥር ተነሥቶ ወደ ስምጥ ሸለቆው ይወርዳል፣ ናይቫሻ ሐይቅ ዳር ያድራል፣ ኪናንጎፕን ወጥቶ አበርዴር ተራሮችን ይዞርና ናንዩኪ፣ ኬንያ ተራራ ግርጌ ያበቃል። የብስክሌት ውድድር ለሚያየው ሰው ባንዲራና ጭብጨባ ነው። ለሚያዘጋጀው ግን ድንኳን ማፍረስና መትከል ነው፤ የሽንት ቤት ጉድጓድ መቆፈር፣ በበርሜል ገንፎ መቀቀል፣ መንገድ እንዲያመላክት የታሰረውን ሪባን ፍየል ሲበላው እንደገና ማሰር፣ ጎሽ የተኛበትን ጥሻ መዞር ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሰው አካል ነው። ሲወድቅ የሚላጥ፣ ፀሐይ ሲመታው የሚያስመልስ፣ ማታ በቁርጠት የሚጮህ የሰው አካል።

ሐኪም ነበረን፤ ግን ከፊተኞቹ ጋር ነው የሚሄደው። ለኋለኛው መኪና ነርስ አጣን። እኔ ሲስተር የሺን ጠቆምኩ። ፒተር ቢሮው አስቀምጦ ጠየቃት።

«ስለ ብስክሌት የምታውቂው ነገር አለ?»

«ስለ ብስክሌት ምንም አላውቅም» አለችው። «ከብስክሌት የወደቀ ሰው ግን አውቃለሁ።»

ፒተር ሳቀና ቀጠራት።

ኋለኛውን መኪና ብስክሌተኞቹ ይጠሉት ነበር። የሬሳ መኪና ይሉታል። እዚያ የገባ ሰው ያን ቀን ብስክሌቱ ጣራ ላይ ታስሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ነው ካምፕ የሚደርሰው። እሷ ይህን ስትሰማ ተናደደች። ከዚያ ወዲያ ደክሞት የገባውን ሁሉ አጠገቧ አስቀምጣ፣ ፊቱን በእርጥብ ፎጣ ጠርጋ፣ «አንተ አልተሸነፍክም፤ ለነገ ጉልበት እያጠራቀምክ ነው» ትለው ነበር። ከዚያ መዝሙር ትጀምራለች። ድምፅዋ ቆንጆ አልነበረም፤ እሷም ታውቀዋለች። በሁለተኛው ዓመት አንድ መርገጥ የሰለቸው ጀርመናዊ ምንም ሳይሆን መኪናው ውስጥ ገብቶ «ማማ ማጂ፣ ያቺን የትናንትናዋን ዝፈኚልኝ» ሲላት ሳቋ ከመንገዱ ማዶ ተሰምቷል።

ስሟን ያገኘችው በውሃ ነው። ሰው ካልጠጣ አታልፈውም። ዳገት ላይ ከጎኑ እየሮጠች ኮዳውን አፉ ላይ ትይዛለች። «አልጠማኝም» ካላት «ሲጠማህማ መሽቷል!» ትላለች። ቁስል ስታጥብ ደግሞ፣ ያ ጡንቻው የተወጣጠረ ሰውዬ ሃምሳ ዓመቱ ይሁን ሃያ፣ ጎንበስ ብላ እንደ ሕፃን እፍ እፍ ትልለታለች። ሁልጊዜ ጠዋት ከመነሣታቸው በፊት በረድፍ አቁማ በእጇ ጀርባ አንገታቸውን ትነካካለች። «የሚያምህን ንገረኝ» ትላለች በተሰባበረ ስዋሂሊ። «ጀግንነቱን ለፎቶው አቆየው።»

አንድ ጊዜ ጊጊሪ ውስጥ ካሉት የውጭ ድርጅቶች በአንዱ የሚሠራ ወፍራም ሰውዬ ኪናንጎፕ ላይ ቁጭ ብሎ ማልቀስ ጀመረ። የደከመው መስሎኝ የመኪናውን በር ከፈትኩ። እሷ ግን ወርዳ ሳሩ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች። ምን እንዳወሩ አላውቅም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ተነሡ፤ ብስክሌቱን እሷ እየገፋች፣ እሱ ባዶ እጁን፣ በዝናብ ጎን ለጎን ዳገቱን ወጡት። እኔ ከኋላቸው። ካምፕ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ብስክሌቱን አስረከበችውና «በል ንዳ» አለችው። ከዚያ በአቋራጭ ሮጣ ገላውን ሊታጠብ የወረደውን፣ ገንፎ የያዘውን፣ የተኛውን ሁሉ ቀስቅሳ መጨረሻው መስመር ላይ አሰለፈችና አስጨበጨበችለት። በኋላ ምን ሆኖ እንደሆነ ስጠይቃት «ሚስቱ ጥላው ሄዳለች» አለችኝ። «ቤት ሲገባ የሚጠብቀው ሰው የለም። ዛሬ እንኳን ይጠበቅ።»

ስለ ካሪዩኪ ሳልናገር ግን ሲስተር የሺን አሳየሁ ማለት አልችልም።

ካሪዩኪ ናይሮቢ ውስጥ የካሳራኒ ሰፈር ልጅ ነው። ብስክሌት ጥገና ቤት ይሠራ ነበር። የሚወዳደርበትን ብስክሌት ራሱ ከየቦታው በለቃቀመው ዕቃ ገጣጥሞታል። በሁለተኛው ዓመት፣ ከአውሮፓ በመጣ ብስክሌት ላይ የተቀመጡትን ሁሉ ጥሎ ሦስቱን ቀን መራ። የሚቀረው የመጨረሻው ቀን ብቻ ነበር። ያሸነፈ ሰው ደቡብ አፍሪካ ሄዶ እንዲወዳደር ፒተር እዚያ ካሉ ሰዎች ጋር ተስማምቶ ነበርና ለካሪዩኪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እናቱ ሳይቀሩ ናንዩኪ ድረስ በማታቱ፣ በሚኒባስ ታክሲ፣ መጥተው መጨረሻው መስመር ላይ ይጠብቁታል።

በሦስተኛው ቀን ቁልቁለት ላይ ወድቆ ጭንቅላቱን ድንጋይ መትቶት ነበር። ተነሥቶ ቀድሞ ገባ። በማግስቱ ጠዋት ሲስተር የሺ አንገቱን ስትነካ አስመለሰው።

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» አለችው።

«ቅዳሜ።»

እሑድ ነበር።

«አትሄድም» አለችው።

መጀመሪያ የቀለደች መሰለው። ሐኪሙ እጁ የተሰበረ ሰው ይዞ ናይቫሻ ወርዷል፤ ካምፑ ላይ ያለችው የሕክምና ሰው እሷ ብቻ ነበረች። ካሪዩኪ ብስክሌቱን ይዞ ወደ መነሻው መስመር ሲሄድ ከፊቱ ቆመችና የፊት ጎማውን በሁለት ጉልበቶቿ መሃል ቆለፈችው።

«ማማ፣ ልቀቂኝ!»

«አልለቅህም።»

«ቀን የማይረሳ ማን አለ? ምንም አልሆንኩም!»

«ላትሆን ትችላለህ። እኔ እርግጠኛ አይደለሁም። እርግጠኛ ሳልሆን ግን አበርዴር ላይ አልለቅህም።»

ሰዉ ተሰበሰበ። አንዳንዱ ጮኸባት። ፒተር እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ ካሪዩኪን ያያል። ከዚያ ፊሽካው ተነፋና ሌሎቹ ሄዱ። ካሪዩኪ ብስክሌቱን እዚያው ጉልበቶቿ መሃል ትቶላት ሄደና ድንኳን ውስጥ ተደፍቶ አለቀሰ። እሷም ከላንድሮቨሩ ጀርባ ሄዳ አለቀሰች፤ ማንም ያላያት መስሏት።

ሆስፒታል ወሰድነው። ምንም አልተገኘበትም። ያስመለሰው ማታ የጠጣው ወተት ሳይሆን አይቀርም አሉ።

እንዲህ ዓይነት ታሪክ ሲነገር ብዙውን ጊዜ ነርሷ ትክክል ሆና፣ ልጁ ከሞት ተርፎ ነው የሚያልቀው። ይሄኛው እንደዚያ አልነበረም። ካሪዩኪ ያን ዕድል አጣ፤ ሁለተኛ አላገኘውም።

በሳምንቱ «ካሳራኒ ውሰደኝ» አለችኝ። መኪናው ጋራዥ ስለነበር በማታቱ ሄድን። ጭኗ ላይ ራሷ የጋገረችውን ዳቦ በፎጣ ጠቅልላ ይዛለች። በሩን የካሪዩኪ እናት ከፈቱልን። ማን እንደሆነች ሲያውቁ ፊታቸው ቢጠቁርም እንግዳ ናትና አስገብተው ሻይ አቀረቡ። ካሪዩኪ ከጓዳ አልወጣም። ሻዩ በረደ። በመጨረሻ መጋረጃውን ገልጦ ቆመ።

«ተሳስቼ ነበር» አለችው ብድግ ብላ። «በጣም አዝናለሁ። ግን ልዋሽህ አልፈልግም፤ ነገ እንደዚያው ሆነህ ብትመጣ ያንኑ ነው የማደርገው።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«አዝናለሁ ልልህ። ሁለቱም እውነት ነው።»

ቀድመው የሳቁት እናቱ ናቸው። «ይቺ ሴት እናት ናት» አሉ በስዋሂሊ። «እናት እንደዚህ ነው የምትናገረው።» ዳቦውን ቆረሱት። ስንወጣ ካሪዩኪ እስከ ማታቱ ፌርማታው ሸኘን። ከዚያ ወዲህ ሳውዝ ሲ እየመጣ ቧንቧዋን የሚጠግን፣ ጋዟን የሚሸከም ልጅ ሆነላት። በሦስተኛው ዓመት ውድድር ጠዋት ረድፉ ላይ ቆሞ አንገቱን እየሰጣት «ማማ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ነገ ዓርብ ነው፤ ልለፍ?» ሲላት ካምፑ በሙሉ ሳቀ።

እናት ናት ያሉት ሴትዮ አላወቁም እንጂ፣ ያ ቃል ሲስተር የሺ ላይ እንደ እሳት የሚወድቅ ነበር።

ናይሮቢ በገቡ በዓመቱ የወይንሸትና የባሏ ጉዳይ ተሳክቶ አውስትራሊያ የመሄድ ፈቃድ አገኙ። የሲስተር የሺ ጉዳይ ግን አልተሳካም። ልጇ ቤተል አሥር ዓመቷ ነበር። ያን ጊዜ ናይሮቢ የነበረ ስደተኛ እንዲህ ያለውን ነገር ሲሰማ አይፈርድም። ቤተል የወይንሸት ልጅ ተብላ ወረቀቱ ላይ ተጻፈችና ከእነሱ ጋር ሄደች። ከመሄዷ በፊት ለጥያቄ ስለምትቀርብ ሲስተር የሺ የገዛ ልጇን አስቀምጣ ታስጠናት ነበር። ወይንሸትን እማዬ በያት። እኔን አክስቴ በይኝ። ልጅቷ እያለቀሰች አጠናች። በጣም ጎበዝ ልጅ ስለነበረች አንድም ጊዜ አልተሳሳተችም። አየር ማረፊያ ሲለያዩ ሰው እየሰማ ነውና «ደህና ሁኚ አክስቴ» ብላት ሄደች።

ይህን የነገረችኝ አንድ እሑድ ከተማ መሃል ካለው ስልክ ቤት ስንመለስ ነው። ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ልጇ ጋ እንድትደውል አንዳንድ ጊዜ በመኪና እወስዳታለሁ። ከመስተዋቱ ውጭ ቆሜ አያታለሁ። ለመደወል ስትገባ ፀጉሯን ታስተካክላለች፤ ልጅቷ የምታያት ይመስል። ስትወጣ ግን ትከሻዋ ወርዶ ነው።

«ምን አለችሽ?» አልኳት ያን ቀን።

«‹ፋይን› አለች። ‹ትምህርት እንዴት ነው?› ስላት ‹ፋይን›። ‹በላሽ ወይ?› ስላት ‹የስ›።» በመስኮት ወደ ውጭ አየች። «አማርኛው እየጠፋት ነው። አንድ ቃል ብቻ አልጠፋትም። አሁንም አክስቴ ነው የምትለኝ።»

«ለምዶባት ይሆናላ፣ ሲስተር።»

«አይደለም ዳኒ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ታውቃለች። ‹አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ› እያለችኝ ነው።»

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን በሙሉ ለማስተካከል የቆረጠችው። ኤምባሲ ሄዳ እውነቱን ተናገረች። ልጄ ናት፤ ዋሽተናል፤ ቅጡኝ፣ ግን ልጄ ናት አለች። ወይንሸትም እዚያ ሆና መሰከረች። ወራት ፈጀ። ደጋግመው ጠየቋት። በመጨረሻ ተቀበሏት። የቀራት ለጉዞው የሚጠየቀው የሕክምና ምርመራ ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ውድድር ላይ ነው ካሪዩኪ ወደ እኔ የመጣው። ካምፕ ውስጥ የብስክሌቱን ካቴና እያጠበ «ማማ ቀኝ እጇን ምን ሆናለች?» አለኝ። «ጀሪካኑን በግራዋ ብቻ ነው የምታነሣው። ትናንት ኮዳ ስትሰጠኝ ክንዷን ከፍ ማድረግ አቃታት።» ብስክሌተኛ የሰው አካል እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ያያል፤ እኔ አብሬያት ስውል አላየሁትም ነበር።

ናይቫሻ ሐይቅ ዳር፣ ብስክሌተኞቹ ልብሳቸውን አጥበው ሲያሰጡ፣ ሁለታችን ጠየቅናት።

«እርጅና ነው» አለች።

«‹የሚያምህን ንገረኝ› የምትዪው አንቺ አይደለሽም?» አላት ካሪዩኪ።

ሐይቁን አየች። ከዚያ በአማርኛ፣ ለእኔ ብቻ፣ «ጡቴ ላይ እብጠት አለ» አለችኝ። «ከወጣ ቆይቷል። ምን እንደሆነም አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ነገውኑ ሆስፒታል...»

«ሆስፒታል ከገባሁ ይመዘገባል። ከተመዘገበ ፋይሌ ይቆማል። ምርመራው ይለፍና እዚያ ስደርስ እታከማለሁ። አንድ ወር፣ ቢበዛ ሁለት ነው።»

«ብትሞቺስ?»

«ሳላያት ከምድን ሞቼ ባያት ይሻለኛል።» የተናገረችው ነገር እርስ በርሱ እንደማይገጥም ገባትና ፈገግ አለች። «እናት ስትሆን እብድ ትሆናለህ፤ ተወኝ።»

ተቆጣኋት። ለመንኳት። ናይሮቢ ስንመለስ ፓስተራችንን ወስጄ ቤቷ አስቀመጥኩ። ፓስተር ኢያሱ ረጋ ብለው «ልጅሽ የምትፈልገው እናቷን በሕይወት ነው» አሏት። አንገቷን ደፍታ ሰማቻቸው፤ አልተቀበለቻቸውም። በሰው ሁሉ ሕመም ላይ እንደዚያ የማትደራደረው ሴት፣ በራሷ ሕመም ላይ ግን ተደራደረች።

አንዱ ወር ስድስት ወር ሆነ። ቀጠሮው እየተላለፈ ሄደ። በመጨረሻ ለምርመራው ስትቀርብ ሐኪሟ፣ ሲስተር የሺ ገና እጇን ስታነሣ አወቀች። ሁለቱም ነገር በአንድ ቀን ተነገራት፤ ሕመሙ መሰራጨቱና ጉዞዋ መቆሙ። ካሪዩኪ ውጭ ይጠብቃት ነበር። ወጥታ «ፖሌ፣ አቆየሁህ» ነው ያለችው።

የመጨረሻዎቹን ወራት ካሪዩኪ ነው የተሸከማት። ሕክምናው ባለባቸው ቀናት ሥራውን ጥሎ ያመላልሳታል። መራመድ ሲያቅታት ከማታቱ አውርዶ በጀርባው ያዝላታል። በአራተኛው ዓመት ውድድር አልተመዘገበም። ፒተር ቢለምነውም ካሪዩኪ «ማማ ኋለኛ ሆናለች» አለው። «ከኋለኛው ጋር ሰው መኖር አለበት።»

እኔም መቅረት ፈልጌ ነበር። ግን ወይንሸት ለቤተል ቲኬት ቆርጣላት ነበርና ሲስተር የሺ ተረጋግታለች፤ ልጅቷ በሚቀጥለው ሳምንት ትደርሳለች። ሆስፒታል ልሰናበታት ስሄድ ትራሷ ላይ ከፍ ብላ ተቀምጣ ፀጉሯን ለሹሩባ እያስፈታች ነበር። «ሂድ» አለችኝ። «እነዚያን ሰዎች ማን ያጠጣቸዋል? ስትመለስ ቤተልን ትተዋወቃታለህ።»

ካሪዩኪ በኋላ እንደነገረኝ፣ በመጨረሻዋ ቀን ጠዋት የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «አውስትራሊያ አሁን ስንት ሰዓት ነው?» ካሪዩኪ አያውቅም ነበር። ነርሶቹን ሊጠይቅ ወጣ። ሲመለስ አልፋለች።

ወደ ቤተል ማን ይደውል? በእኛ ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡና ልጅቷ ናይሮቢ ትግባ፣ ቤት ትግባ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት ፓስተር ኢያሱ ይንገሯት ተባለ። ቀብሩም እስክትደርስ እንዲቆይ ተወሰነ። ወይንሸት እንኳን ሰምታ ልጅቷን ዝም ብላ ሸኘቻት። አየር ማረፊያ እኔና ካሪዩኪ ሄድን።

በሩ ተከፍቶ ስትወጣ ካርድ ላይ የተጻፈ ስም አላስፈለገንም። አረማመዷ የእናቷ ነው፤ ቸኩሎ የሚሮጥ የሚመስል። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ፀጉሯን ተሠርታለች፣ ጥሩ ቀሚስ ለብሳለች፣ እቅፍ አበባ ይዛለች።

«ዳንኤል?» አለችኝ። «ሃው ኢዝ ሺ?»

«እንኳን በደህና መጣሽ» አልኳት። «ቤት እንሂድ።»

መኪናውን ነዳሁ። በመስተዋቱ አየኋት፤ ታየኛለች። እንደገና ጠየቀች፤ «ደክመሻል፣ ቤት ስንደርስ እናወራለን» አልኳት። ከዚያ ወደ ካሪዩኪ ዞረች። ካሪዩኪ የእኛን የመርዶ ወግ አያውቅም፤ ቢያውቅም መዋሸት አይችልበትም። በእንግሊዝኛ «ሆስፒታል ነው የምንሄደው ወይስ ቤት?» አለችው። ካሪዩኪ ኮፍያውን አወለቀ። ሌላ ምንም አላደረገም።

አልጮኸችም። ሳውዝ ሲ ደርሰን በሩ ላይ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ሲያለቅሱ ስታይ እንኳን አልጮኸችም። ፓስተር ኢያሱ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ «አይ ኖ» አለቻቸው። አበባውን እንደያዘች የእናቷ አልጋ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ሴቶቹ ሊያቅፏት ሲሉ ገላዋን አጠነከረች። በማግስቱ ጠዋት ግን እኔን ጠርታ በእንግሊዝኛ ተቆጣችኝ። «ለምን አልነገራችሁኝም? ሙሉውን መንገድ ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁት። ፕሌኑ ውስጥ ደስ ብሎኝ ነበር!» ያዘነ ሰው ብቻውን እንዳይሆን ብለን ነው አልኳት። «ብቻዬን ነበርኩ እኮ» አለችኝ።

ቀብሩ ላይ ያን ያህል ሰው ይመጣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። የሰፈሩ ሰው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው፣ የካሪዩኪ እናት ከነጎረቤቶቻቸው። ፒተር ውድድሩን የጨረሱትን ይዞ ከናንዩኪ መጥቷል። እግራቸው በጨርቅ የታሰረ፣ ክርናቸው የተላጠ፣ ፊታቸው በፀሐይ የተቃጠለ ብስክሌተኞች ከነጠላ ለባሾቹ ኋላ በረድፍ ቆሙ። ያቺ የባንክ ቤት ልጅም ነበረች። ቤተል ዞር ብላ አየቻቸው።

«እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?»

«እናትሽ ትንከባከባቸው የነበሩ ናቸው» አልኳት።

ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። የቅናት ይሁን የኩራት፣ አስተያየቷን አላወቅኩትም።

ፓስተር ኢያሱ ጸሎቱን ጨርሰው ሣጥኑ ሊወርድ ሲል ቤተል ክንዴን ያዘች። «ፕሌኑ ውስጥ ስለማመደው የመጣሁት ነገር አለ» አለችኝ በጆሮዬ፣ በእንግሊዝኛ። «በአማርኛ። ወይንሸት ናት የነገረችኝ። ልበለው?»

«በይው።»

ወደ ሣጥኑ ጠጋ ብላ ጎንበስ አለች። እጇን ጣውላው ላይ አደረገች።

«እማዬ» አለች። ከዚያ ቃሉን እየለየች፣ ሳይገባው እንዳጠና ሰው፣ «ቀ»ን «ከ» አድርጋ «አልተከየምኩሽም» አለች።

ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ እንባዋ ያን ጊዜ ነው የወረደው።

«በትክክል ነው ያልኩት?» አለችኝ።

«በትክክል ነው» አልኳት።